የኪስ ችሎት ትዝታ

«ግያኩተን ሳይባን 2» ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 2002 ለጌም ቦይ አድቫንስ ያወጣው የችሎት ጌም ነው። ከጃፓን ውጭ የሚታወቀው «ፊኒክስ ራይት፦ ኤስ አተርኒ – ጀስቲስ ፎር ኦል» በሚል ስም ነው። ከዓመት ከስድስት ቀን በፊት፣ ኦክቶበር 12 ቀን 2001፣ የወጣው የመጀመሪያው ክፍል ተከታይ ነው። ተጫዋቹ ፊኒክስ ራይት የተባለውን ወጣት ጠበቃ ሆኖ በነፍስ ግድያ ለተከሰሱ ሰዎች ይሟገታል። በጌሙ ውስጥ የሚተኮስም የሚዘለልም ነገር የለም። ያለው የምስክር ቃል፣ የማስረጃ መዝገብና መስቀለኛ ጥያቄ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ሲወዳደር ይህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ደከም ያለ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ተከታታዩ ስለ ጥብቅና ሙያ ያነሣውን ከባዱን ጥያቄ የጠየቀው እሱ ነው። በዚያ ዘመን የተጫወቱት ሰዎች ከሃያ ዓመት በኋላም ስሙ ሲነሣ መጨረሻውን የሚያወሱት በዚሁ ምክንያት ነው።

የተከታታዩ ጸሐፊና ዳይሬክተር ሹ ታኩሚ ነው። ታኩሚ ቀደም ሲል በካፕኮም ውስጥ የዳይኖሰር አደን ጌሞችን ሲሠራ የቆየ፣ በልቡ ግን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ወዳጅ የሆነ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 አለቃው ሺንጂ ሚካሚ የስድስት ወር ጊዜ ሰጥቶ የፈለገውን ጌም እንዲሠራ ፈቀደለት። ታኩሚ መጀመሪያ ያሰበው የመርማሪ ታሪክ ነበር። እያሰበበት ሲሄድ ግን የምርመራ ታሪክ ጣዕሙ ያለው የውሸታምን ቃል ከማስረጃ ጋር አጋጭቶ በማፍረስ ላይ መሆኑ ታየው፤ ለዚህ ደግሞ ከመርማሪ ይልቅ ጠበቃ፣ ከወንጀሉ ስፍራም ይልቅ ችሎት ተስማሚ ሆነ። በሰባት ሰዎች ጉልበት የተሠራው የመጀመሪያው ክፍል ሲጠናቀቅ ሚካሚ ነገሩ በሦስት ክፍል እንዲያልቅና ሦስተኛው ታላቅ መደምደሚያ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ሁለተኛው ክፍል እንግዲህ መነሻውን የተረከበና መድረሻውን ሌላው የሚነግርለት የመሐል ልጅ ሆኖ ተወለደ።

የተወለደበትን ዕቃ ማስታወስም ያስፈልጋል። ጌም ቦይ አድቫንስ እ.ኤ.አ. በማርች 2001 በጃፓን ለገበያ የቀረበ፣ በሁለት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ በሁለት እጅ ተይዞ በሁለት አውራ ጣት የሚነካ መሣሪያ ነው። ስክሪኑ በአግድም 240 በቁመት 160 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ የራሱ ብርሃንም አልነበረውም። የመጀመሪያውን ሞዴል የያዘ ሰው ማንበብ ሲፈልግ ወደ መስኮት ይጠጋል፣ ወይም መብራት ሥር ተቀምጦ ነጸብራቁን ለመሸሽ እጁን ወዲያና ወዲህ ያዘነብላል። የፊት መብራት የተገጠመለት ኤስፒ የተባለው ተጣፊ ሞዴል የመጣው በ2003 ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንባብ የሆነ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት መስመር ብቻ የሚያሳይ ጌም የተሠራው ለዚህ ደብዛዛ ስክሪን ነው።

ጥበቡም ከዚሁ ጥበት የመጣ ነው። የካሴቱ ማኅደር ትንሽ ስለነበረ ገጸ ባሕርያቱ እንደ ካርቱን ፊልም አይንቀሳቀሱም። እያንዳንዱ ሰው ጥቂት አቋሞች ብቻ አሉት፤ አንዱ ሲረጋጋ፣ አንዱ ሲቆጣ፣ አንዱ ሲደነግጥ። ፊደሎቹ እንደ ሰው ንግግር እየተንጠባጠቡ ይወርዳሉ፤ ተናጋሪው ሲያመነታ ይዘገያሉ፣ ሲቆጣ ይንጋጋሉ፣ እውነቱ ሊወጣ ሲል ሙዚቃው ድንገት ይቋረጣል። የድምፅ ቅጂ የወጣላቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነሱ ዋናው ጠበቃው ጣቱን ቀስሮ «ተቃውሞ አለኝ!» የሚልበት ጩኸት ነው። በጃፓንኛው ቅጂ ይህን የፊኒክስ ጩኸት ያሰማው ራሱ ታኩሚ ነው። የሁለተኛው ክፍል የሙዚቃ ድርሰት በአኬሚ ኪሙራ ስም ነው፤ አዳዲሶቹን ገጸ ባሕርያት ደግሞ ኩሚኮ ሱኤካኔ ሣለች።

አጨዋወቱ በሁለት ይከፈላል። በምርመራው ክፍል ተጫዋቹ ከቦታ ቦታ እየዞረ ሰው ያናግራል፣ የወንጀሉን ስፍራ ይፈትሻል፣ ያገኘውን ማስረጃ በመዝገብ ያስገባል። በችሎቱ ክፍል ምስክሩ ቃሉን ይሰጣል፤ ቃሉ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር እየተደገመ ይቀርባል። ተጫዋቹ በየዐረፍተ ነገሩ ምስክሩን አቁሞ ሊያፋጥጠው ይችላል፤ ወይም ቃሉን የሚያፈርሰውን ማስረጃ ከመዝገቡ መዝዞ ያቀርባል። ችሎቱ ከሦስት ቀን በላይ አይቀጥልም፤ ፍርዱንም የሚሰጠው አንድ ጢማም ዳኛ ብቻውን ነው።

ሁለተኛው ክፍል በዚህ ላይ ሦስት ነገር ለውጧል። በመጀመሪያው ክፍል ተጫዋቹ አምስት ምልክቶች ተሰጥተውት በተሳሳተ ቁጥር አንድ ይቀነስበት ነበር፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ሳያስብ ማስረጃውን ሁሉ እየሞከረ ያልፍ ነበር። በሁለተኛው ክፍል ምልክቶቹ ቀርተው አንድ አረንጓዴ መስመር ተተካ። ቀላል ስህተት ከመስመሩ ጥቂት ይቆርጣል፣ ከባድ ስህተት ግን ግማሹን ሊወስድ ይችላል፤ አንዳንዴም አንድ መልስ ብቻ መላ ሕይወቱን ያስይዛል። መስመሩ ካለቀ ዳኛው መዶሻውን መትቶ «ጥፋተኛ» ይላል፣ ጌሙም በዚያው ያበቃል። ሁለተኛው ለውጥ ከዕቃ ማስረጃ በተጨማሪ የሰዎችን ማኅደርም በማስረጃነት ማቅረብ መቻሉ ነው። «ይህን ያደረገው ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ መዝዞ ማሳየት ይቻላል። ነገር ግን ይህ ምርጫውን በእጥፍ ስላበዛው ችግሩንም አክብዶታል።

ከሦስቱ ትልቁ ለውጥ የልብ ቁልፍ ነው። ፊኒክስ ማጋታማ የተባለ፣ ጫፉ የተቆለመመ አረንጓዴ ድንጋይ ይሰጠዋል። ማጋታማ በጃፓን ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ ጌጥ ነው፤ በታሪኩ ግን የሰውን ምስጢር የሚያሳይ ኃይል ተሰጥቶታል። ፊኒክስ ድንጋዩን ይዞ ሲጠይቅ ሰውየው የሚሸሽገው ነገር ካለ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ሰንሰለቶች ከየአቅጣጫው ተወርውረው ይጠላለፋሉ፣ በላያቸውም እስከ አምስት የሚደርሱ ቀይ ቁልፎች ይንጠለጠላሉ። እያንዳንዱ ቁልፍ የሚሰበረው ተገቢ ማስረጃ ሲቀርብ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ምርመራ ማለት ሰውን ማናገርና ዕቃ መሰብሰብ ብቻ ነበር፤ የልብ ቁልፍ ከመጣ በኋላ ግን ከችሎት ውጭ ያለው ውይይት ሁሉ ትንሽ ችሎት ሆነ። ቁልፎቹን ሁሉ የፈታ ተጫዋች የተቆረጠበት መስመርም ይታደስለታል። ይህ ዘዴ በኋለኞቹም ክፍሎች ቀጥሏል።

ጌሙ አራት ክሶች አሉት። አምስት ታስበው ነበር፤ ነገር ግን የካሴቱ ማኅደር ስላልበቃ አንዱ ተነሥቶ ለሦስተኛው ክፍል ተላለፈ።

የመጀመሪያው ክስ የሚጀምረው በትዝታ ማጣት ነው። አንድ ሰው በእሳት ማጥፊያ ጣሳ ጭንቅላቱን መትቶት ፊኒክስ የራሱን ማንነት እንኳ ሳያውቅ ችሎት ይቆማል። ደንበኛው ማጊ ባይርድ የተባለች ፖሊስ ናት፤ የተከሰሰችውም ፖሊስ የነበረውን ፍቅረኛዋን በመግደል ነው። ታኩሚ ይህን ያደረገው በምክንያት ነው፤ ጠበቃው ሙያውን ስለረሳ አዲስ ተጫዋች አብሮት ከሀ ይማራል። የክሱ ፍሬ ነገር ደግሞ ዐይን የሚገባ ነው። የሟቹ ጣት በአሸዋው ላይ የተከሳሿን ስም ጽፏል፤ ነገር ግን የስሟ አጻጻፍ ተሳስቷል። ፍቅረኛዋ ስሟን አሳስቶ አይጽፍም፤ እንግዲህ የጻፈው ሌላ እጅ ነው። አንዲት የፊደል ስህተት አንዲትን ሴት ከእስር ታወጣለች።

ሁለተኛው ክስ ተጫዋቹን የፊኒክስ ረዳት የሆነችው ማያ ፌይ ወደተወለደችበት የኩራይን መንደር ይወስደዋል። የዚያ ቤተሰብ ሴቶች የሙታንን መንፈስ በመጥራት የታወቁ ናቸው። አንድ ሐኪም በመኪና አደጋ የሞተች ነርስ መንፈስ እንዲጠራለት ይመጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተገድሎ ይገኛል፣ ማያም ትከሰሳለች። በዚህ ክስ ሁለት አዳዲስ ሰዎች ይገባሉ። አንዷ የማያ የአክስት ልጅ፣ የስምንት ዓመቷ ፐርል ናት። ሌላዋ ፍራንዚስካ ቮን ካርማ የተባለች የ18 ዓመት ዐቃቤ ሕግ ናት፤ በጀርመን በ13 ዓመቷ ዐቃቤ ሕግ የሆነች፣ በችሎት መካከል ጠበቃውንም ምስክሩንም ዳኛውንም በጅራፍ የምትገርፍ። ነገሩ ለቀልድ የተሠራ ይመስላል፤ ሆኖም ከጅራፉ በስተጀርባ በታላቅ ስም ሥር ያደገች፣ መሸነፍን የማታውቅና የምትፈራ ልጅ አለች።

በሦስተኛው፣ በሰርከሱ ክስ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ተከሳሹ አስማተኛ፣ ሟቹ የሰርከሱ ባለቤት ነው። ምስክሮቹ ከመጠን በላይ ይቀባጥራሉ፣ ችሎቱም ይንዛዛል። ጌሙ ደካማ ነው ለሚሉ ሰዎች ዋናው መረጃ ይህ ክስ ነው፤ እውነት አላቸው። የገዳዩ ሐዘን ግን ሲገለጥ ልብ ይነካል፤ ወንድሙ ኮማ ውስጥ የቀረበት፣ እሱም ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ የተሳነው አክሮባት ሊበቀል ያሰበውን ሰው ስቶ ሌላውን ይገድላል።

አራተኛው ክስ ሌላ ነገር ነው። በአንድ ሆቴል የጀግና ተዋንያን የሽልማት ምሽት ይደረጋል፤ ሁዋን ኮሪዳ የተባለ ተዋናይ በክፍሉ ተገድሎ ይገኛል፣ ተፎካካሪው ማት ኤንጋርድም ይከሰሳል። በዚያው ምሽት ማያ ትጠለፋለች። ጠላፊው ሼሊ ዴ ኪለር የተባለ ቅጥር ነፍሰ ገዳይ ነው፤ በሬዲዮ መነጋገሪያ ለፊኒክስ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ኤንጋርድ «ጥፋተኛ አይደለም» ተብሎ ይለቀቅ፣ አለበለዚያ ልጅቷ ትሞታለች።

ፊኒክስ ወደ እስር ቤቱ ሄዶ ማጋታማውን እንደያዘ ለኤንጋርድ በቀጥታ ጥያቄውን ያቀርባል፦ ሁዋን ኮሪዳን ገድለሃል? ኤንጋርድ አልገደልኩም ይላል። ስክሪኑ አይጨልምም፣ ሰንሰለት አይወረወርም፣ ቁልፍም አይታይም። ተጫዋቹ እፎይ ይላል። ማጋታማው ዋሽቶ አያውቅም፤ ደንበኛው ንጹሕ ነው፤ እንግዲህ የማያን ነፍስ ማዳንና እውነትን መከተል አንድ መንገድ ናቸው።

ማጋታማው ግን የሚያየው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ኤንጋርድ በእጁ አልገደለም፤ ገዳይ ቀጥሯል። ቃሉ እንደ ቃል እውነት ስለሆነ ድንጋዩ የሚቆልፈው አላገኘም። ዘግየት ብሎ ፊኒክስ ጥያቄውን አሻሽሎ ሲመለስ ሰንሰለቶቹ ይወረወራሉ። ቁልፎቹ አንድ በአንድ ሲሰበሩ የዋህና ዝንጉ መስሎ የቆየው ወጣት ፊቱን የሸፈነውን ፀጉር ገለጥ ያደርጋል፣ ጠባሳው ይታያል፣ ድምፁም ይለወጣል። ከዚያ በፊት ለረጅም ሰዓታት ተጫዋቹ ድንጋዩን ሲያምን ኖሯል፤ ያመነውም ጌሙ ራሱ እመን ብሎ ስላስተማረው ነው። ታኩሚ ያስተማረውን ሕግ ሳያፈርስ በዚያው ሕግ ተጫዋቹን አታለለ። በዚያን ጊዜ ከወጡት የዚህ ዓይነት ጌሞች መካከል በአጨዋወት ሕግ አማካይነት እንዲህ ያለ ነገር የተናገረ ማግኘት ይቸግራል።

ከዚህ በኋላ ያለው ችሎት ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ የነበረውን ሁሉ ይገለብጣል። እስከዚያ ድረስ የፊኒክስ እምነት አንድ ነበር፦ ደንበኛን እስከ መጨረሻ ማመን። አሁን ደንበኛው ወንጀለኛ ነው። ቢረታለት ገዳይ ይለቀቃል፣ ያልበደለችውም ሴት፣ የኤንጋርድ ማናጀር ኤድሪያን አንድሩስ፣ ትፈረድባታለች። ቢሸነፍ ማያ ትሞታለች። ፖሊስ ጠላፊውን እስኪይዝ ጊዜ ለመግዛት ሲል ፊኒክስ በኤድሪያን ላይ ጥርጣሬ መዝራት ይገደዳል፤ ተጫዋቹም ንጹሕነቷን እያወቀ ማስረጃውን በገዛ እጁ ይመርጣል፣ የመሣሪያውን ቁልፍ በገዛ ጣቱ ይጫናል። በሌሎቹ ክሶች ደስ የሚያሰኘው የ«ተቃውሞ አለኝ!» ጩኸት እዚህ ላይ ያሳፍራል።

በተቃራኒው ወገን የቆመው ማይልስ ኤጅዎርዝ ነው። ይህ ዐቃቤ ሕግ ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ሞትን መረጥሁ የሚል መልእክት ትቶ የጠፋ፣ ፊኒክስም እንደ ከዳተኛ ቆጥሮት የቆየ የልጅነት ጓደኛ ነው። ፍራንዚስካ ወደ ችሎት ስትሄድ ትከሻዋን በጥይት ስለተመታች እሱ ይተካታል። ኤጅዎርዝ የጠፋበትን ጊዜ ያሳለፈው ዐቃቤ ሕግ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቅ ነው። ያገኘውም መልስ ጠበቃና ዐቃቤ ሕግ የቆሙበት ጎን ቢለያይም በሁለቱ ፍልሚያ መካከል የሚወጣው እውነት የጋራቸው መሆኑ ነው። በዚያ ችሎት ሁለቱ ሳይነጋገሩ ይረዳዳሉ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ተቃውሞ ያነሣል፣ ጊዜውም ይራዘማል።

በመጨረሻ ፊኒክስ ለደንበኛው «ጥፋተኛ» ወይስ «ጥፋተኛ አይደለም» የሚለውን እንዲመርጥ ይጠየቃል። መሣሪያውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ያሰቡ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው። ታሪኩ የትኛውም ቢመረጥ ወደ አንድ መንገድ ይመለሳል፤ ፍራንዚስካ ከሆስፒታል ተነሥታ በመርማሪው ገምሹ የተሰበሰበውን ማስረጃ ይዛ ትደርሳለች። አንዳንዶች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል፤ ምርጫው ውጤት ከሌለው ለምን ተጠየቀ ይላሉ። ነገር ግን በዚያች ደቂቃ የሚፈተነው ተጫዋቹ እንጂ ታሪኩ አይደለም፤ የመረጠውን ደግሞ እሱ ያውቀዋል።

መፍትሔውም በሕግ አንቀጽ ሳይሆን በነፍሰ ገዳዩ ክብር በኩል ይመጣል። ዴ ኪለር በሬዲዮ ምስክርነት ይሰጣል፤ ለእሱ ከሁሉ የሚበልጠው ከቀጣሪው ጋር ያለው መተማመን ነው። ኤንጋርድ ግን ግድያውን በስውር ካሜራ ቀርጾ ለኋላ ማስፈራሪያ አስቀምጦታል። ፊኒክስ የቪዲዮውን ካሴት ሲያቀርብ ዴ ኪለር ውሉን ያፈርሳል፣ ቀጣዩ ዒላማውም ኤንጋርድ ይሆናል። ነጻ ከወጣ የሚጠብቀውን የተረዳው ተከሳሽ «ጥፋተኛ ነኝ፣ እሰሩኝ» እያለ ይለምናል። እዚህ ላይ የተሳሳተ ማስረጃ ያቀረበ ሰው የሚደርሰው ሌላ፣ ጨለማ መጨረሻ አለ።

ጃፓናውያን ተጫዋቾች በዚህ ሁሉ ውስጥ የራሳቸውን ፍርድ ቤት ያዩ ነበር። በጃፓን ክስ ከተመሠረተባቸው ሰዎች ከመቶ 99 በላይ የሚሆኑት ጥፋተኛ ይባላሉ፤ ተጠርጣሪም ክስ ሳይመሠረትበት እስከ 23 ቀን ሊያዝ ይችላል። ጌሙ በወጣበት ዘመን በወንጀል ችሎት የሚፈርዱት ባለሙያ ዳኞች ብቻ ነበሩ፤ ተራ ዜጎች ከዳኞች ጋር ተቀምጠው የሚፈርዱበት ሥርዓት ሥራ የጀመረው በሜይ 2009 ነው። ተከሳሹ ንጹሕ መሆኑን ጠበቃው ራሱ እውነተኛውን ገዳይ አጋልጦ ማስረዳት ያለበት፣ ዳኛው ወደ ዐቃቤ ሕጉ የሚያዘነብል ችሎት ግነት ነው፤ ግነቱ ግን ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ፊኒክስ በደረቱ የሚሰካውና ለሁሉም ሰው የሚያሳየው ዓርማ እንኳ የጃፓን ጠበቆች በእውን የሚሰኩት፣ በሱፍ አበባ መካከል ሚዛን የተቀረጸበት ዓርማ አምሳያ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ለአራት ዓመት በጃፓን ብቻ ቆየ። ኒንቴንዶ ዲኤስ የተባለው ባለ ሁለት ስክሪን መሣሪያ ከመጣ በኋላ ግን ተከታታዩ እንደገና ተሠርቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ «ጀስቲስ ፎር ኦል» በጃንዋሪ 2007 ሰሜን አሜሪካ፣ በዚያው ዓመት ማርች አውሮፓ ደረሰ። በእንግሊዝኛው ቅጂ ታሪኩ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛውሯል፤ የመንፈስ ጥሪው መንደርና የጃፓን ቤቶቹ ግን እንዳሉ ናቸው። በዲኤስ ላይ ማስረጃው በብዕር ተነክቶ ይመረጣል፤ ተጫዋቹም ወደ ማይክሮፎኑ ራሱ «ተቃውሞ!» ብሎ መጮኽ ይችላል። የመጀመሪያው ክፍል ለዲኤስ ሲዘጋጅ አንድ ሰፊ አዲስ ክስ ተጨምሮለት ነበር፤ ሁለተኛው ግን ምንም አልተጨመረለትም። በውጭ አገር የተሰጠው ግምገማ ቀዝቀዝ ያለው በከፊል በዚህ የተነሣ ነው።

ሦስተኛው ክፍል በጃንዋሪ 2004 ወጥቶ ሚካሚ ያሰበውን መደምደሚያ ሰጠ። በ2016 በጃፓን ቴሌቪዥን የተላለፈው የካርቱን ተከታታይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ታሪክ ይዟል። ሦስቱም በአንድ ላይ ተጠቃለው በ2014 ለኒንቴንዶ ስሪ ዲኤስ፣ በ2019 ደግሞ ለስዊች፣ ለፕሌይስቴሽን 4፣ ለኤክስቦክስ ዋንና ለኮምፒውተር ቀርበዋል። በእነዚህ ቅጂዎች ሥዕሎቹ እንደገና ጥርት ብለው ተሥለዋል፤ አራቱ ክሶች፣ የልብ ቁልፎቹና የኤንጋርድ መልስ ግን በ2002 እንደነበሩ ናቸው።